ሊፈታ የተቋጠረ

በጎንደር ከተማ ኢታይል አሴቴት የተባለው፣ ከኤስተር ወገን የሆነ ፈሳሽ የሚፈላው በ77 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይሆን በ70 ዲግሪ ገደማ ነው። መጻሕፍቱ ሁሉ 77 ይላሉ፤ አልተሳሳቱም፤ ቁጥሩ የተለካው ግን በባሕር ጠለል ላይ ባለ የአየር ግፊት ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለተቀመጠች እዚህ አየሩ ሳሳ ይላል፤ ፈሳሽ ሁሉ ቀደም ብሎ ይፈላል፤ ውኃም ቢሆን 93 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ይህን የተረዳሁት የሁለተኛ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ ሙሉ ቀን ደክሜ ያገኘሁትን ንጹሕ ኤስተር «በ70 ዲግሪ ስለፈላ ሌላ ነገር ተቀላቅሎበታል» ብዬ ከደፋሁት በኋላ ነበር። ዛሬ እኔው በተራዬ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሳስተምር፣ ተማሪዎቼ እሳት ከመለኮሳቸው በፊት የምነግራቸው የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የሙቀት መለኪያው ጉዳይ አይደለም። ስለ ኤስተር ለዓመታት ሳስተምር ትኩረቴ በሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ነበር፤ ይኸውም ኤስተሩን እንዴት አድርገን በብዛት እንሥራው፣ ከተሠራስ በኋላ እንዳይፈርስ እንዴት እንከላከለው የሚለው ነው። የአሠራሩን ትምህርት አሁንም አልተውኩትም፤ እወደዋለሁም። ነገር ግን ኤስተር በሕያው አካል ውስጥ ሥራውን የሚሠራው በአብዛኛው ሲፈርስ እንደሆነ፣ የፈረሰበት ቦታና ሰዓትም የመድኃኒትነቱ ምስጢር እንደሆነ የገባኝ ከቤተ ሙከራ ውጭ፣ በታናሽ ወንድሜ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል፤ ያለ እርሱ የኋለኛው ታሪክ አይገባምና።

ኤስተር ማለት አንድ አሲድና አንድ አልኮል ተጋጥመው፣ በመካከላቸው አንዲት የውኃ ሞለኪውል ጥለው የሚፈጥሩት ውህድ ነው። የኮምጣጤው አሲድ፣ አሴቲክ አሲድ፣ በአረቄና በጠጅ ውስጥ ካለው ኢታኖል ጋር ሲጋጠም ከላይ የጠቀስኩት ኢታይል አሴቴት ይገኛል። «ኤስተር» የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1848 ያወጣው ጀርመናዊው ሌዎፖልድ ግሜሊን ነው። ነገሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል፤ ችግሩ ግን ያች የወደቀች የውኃ ሞለኪውል ዝም ብላ አለመቀመጧ ነው። ተመልሳ ኤስተሩን ትነካዋለች፣ ትሰነጥቀዋለች፣ አሲዱንና አልኮሉን ወደነበሩበት ትመልሳቸዋለች። ስለዚህ በብልቃጡ ውስጥ ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይካሄዳል፤ አንዱ ይቋጥራል፣ ሌላው ይፈታል፤ የሁለቱ ፍጥነት እኩል ሲሆን ከውጭ ለሚመለከተው ሰው ሁሉ ነገር የቆመ ይመስላል። ይህን ሚዛን በጥንቃቄ ያጠኑት ፈረንሳውያኑ ማርሴላን ቤርተሎና ፔያን ደ ሳን ዢል ሲሆኑ ሥራቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ መጀመሪያ ነው። አሴቲክ አሲድና ኢታኖል በእኩል መጠን ቢቀላቀሉ ኤስተር የሚሆነው ከሦስቱ ሁለት እጁ ብቻ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ቢጠበቅ እንኳ ቀሪው ሲሶ አይለወጥም።

እዚህ ላይ ካታሊስት፣ ማለትም ራሱ ሳያልቅ ሥራውን የሚያፋጥን ነገር፣ ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ መለየት ያስፈልጋል፤ ተማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት በዚህ ነውና። አሲዱና አልኮሉ ብቻቸውን በተራ ሙቀት ቢተዉ ወደ ሚዛናቸው ለመድረስ ወራት ይፈጅባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1895 ኤሚል ፊሸርና አርተር ሽፓየር ጥቂት ጠንካራ አሲድ ጨምሮ ማፍላት ወራቱን ወደ ሰዓታት እንደሚያሳጥር አሳዩ፤ እስከ ዛሬም ዘዴው በፊሸር ስም ይጠራል። ከሰልፈሪክ አሲድ የምትመጣው ፕሮቶን በካርቦክሲሊክ አሲዱ ኦክስጅን ላይ ስታርፍ ጎረቤቱን ካርቦን ኤሌክትሮን እንዲራብ ታደርገዋለች፤ አልኮሉም በዚያው በተራበው ካርቦን ላይ ይጠጋል፣ ውኃ ይወጣል፣ ፕሮቶኗም እንደመጣች ተመልሳ ለሌላ ሥራ ነጻ ትሆናለች። ካታሊስቱ ግን መንገዱን የሚጠርገው ለሄያጁም ለተመላሹም ነው። ኤስተሩ የሚቋጠርበትን ፍጥነት ሲጨምር የሚፈታበትንም በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ሁለት ሦስተኛው ሁለት ሦስተኛ ሆኖ ይቀራል፣ ቶሎ ይደረስበታል እንጂ።

የወጣችው ውኃ ኦክስጅን የማን ነበረች የሚለውን ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ1938 ኢርቪንግ ሮበርትስና ሃሮልድ ዩሬይ የመለሱበት መንገድ እስካሁን ልቤን ይነካዋል። ከተለመደው ኦክስጅን በክብደት የሚበልጠውን ኦክስጅን-18 በሜታኖል ውስጥ አስገብተው ከቤንዞይክ አሲድ ጋር አጋጠሙት፤ ምልክት የተደረገበት ኦክስጅን የተገኘው በኤስተሩ ውስጥ እንጂ በውኃው ውስጥ አልነበረም። እንግዲህ ኦክስጅኑን የሚጥለው አሲዱ ነው፤ አልኮሉ የራሱን ይዞ ይገባል። ማንም በዓይኑ የማያየውን ነገር በክብደቱ ተከትሎ እስከ ቤቱ መሸኘት እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!

በእኛ ቤተ ሙከራ ሚዛኑን ወደምንፈልገው ወገን የምናዘነብለው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ርካሹን ተካፋይ ማብዛት ነው፤ ለአንድ እጅ አሲድ ሦስት እጅ ኢታኖል ብናደርግ ወደ 90 በመቶ የሚጠጋው አሲድ ኤስተር ይሆናል። ሁለተኛው ውኃዋን እየተከታተሉ ማውጣት ነው፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1920 ዲንና ስታርክ የተባሉ ኬሚስቶች ያበጁትን፣ በእነርሱው ስም የሚጠራውን የብርጭቆ ወጥመድ እንጠቀማለን። ሁለቱም ዘዴዎች ግን የሚሠሩት ማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ ሳይቋረጥ እስከፈሰሰ ድረስ ነው፤ ጎንደር ውስጥ የኖረ ሰው ሁሉ ደግሞ የቧንቧ ውኃ በፈረቃ እንደሚመጣ ያውቃል። በተማሪነቴ ዘመን በርሜል ሞልተን፣ በትንሽ ፓምፕ ውኃውን እያዞርን፣ ሲሞቅም በባልዲ እየቀየርን እንሠራ ነበር። አንድ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ፓምፑ ሲቆም ብልቃጡን ከእሳቱ ላይ ለማንሣት ዘገየሁ፤ እንፋሎቱ ክፍሉን ሞላው፤ ኢታይል አሴቴት ደግሞ በቀላሉ የሚቀጣጠል ነገር ነውና እሳት ሳይነሣ መቅረቱን እስካሁን እንደ ቸርነት እቆጥረዋለሁ። ከዚያ ወዲህ መብራት ቢጠፋ ማን ምን እንደሚያነሣ አስቀድሜ ሳልደለድል ሙከራ አላስጀምርም።

የሰልፈሪክ አሲድ ሌላው ጣጣ ከሥራው በኋላ ይመጣል። ፈሳሹን ያጠቁረዋል፣ በቤኪንግ ሶዳ ማርከስ ያስፈልጋል፣ የታጠበበትንም ውኃ የት እንደሚደፉት ያስጨንቃል። በዚህ ምክንያት በጠጣር ካታሊስት መሥራትን አጥብቄ እደግፋለሁ። የአሲዱን ቡድን በፕላስቲክ መሰል ሙጫ ላይ ያሰሩ፣ እያንዳንዳቸው ከጤፍ ፍሬ የማይበልጡ እንክብሎች አሉ፤ ብልቃጡ ውስጥ ይጨመራሉ፣ ሥራው ሲያልቅ በወንፊት ወረቀት ይጠለላሉ፣ ታጥበውና ደርቀው ለሚቀጥለው ክፍል ያገለግላሉ። ውኃ ሲጠጡ ይደክማሉና በደንብ ማድረቅ ይፈልጋሉ። የውኃና የማስወገጃ ችግር ባለበት ከተማ ይህ ለይምሰል የሚደረግ ዘመናዊነት አይደለም፤ ከአንድ ሴሚስተር ሙከራ በሊትሮች የሚቆጠር አሲዳማ እጣቢ ያስቀራል።

እናቴ አዘዞ በሚገኘው ቤታችን ለጥምቀትና ለፋሲካ ጠጅ ትጥላለች። ሰልፈሪክ አሲድ የላትም፣ ማፍያ የላትም፣ ውኃ የሚያወጣ ወጥመድም የላትም፤ እንዲያውም የጠጁ አብዛኛው ክፍል ራሱ ውኃ ነው። በፊሸር ስሌት ቢታይ እንዲህ ባለ ውኃ ውስጥ ኤስተር ሊበዛ አይገባውም ነበር። ሆኖም ብርዙ ጌሾ ገብቶበት ሲፈላ፣ የእርሾው ሕዋሳት ኢታይል አሴቴትን፣ አይሶአማይል አሴቴትንና ሌሎችንም ኤስተሮች እየሠሩ ያወጣሉ፤ ጠጅ ከማርና ከአልኮል ያለፈ የፍሬ ጠረን የሚኖረው በእነርሱ ነው። እርሾው ሚዛኑን የሚያሸንፈው አሲዱን ብቻውን ባለመላኩ ነው። አስቀድሞ አሴቲክ አሲዱን ኮኤንዛይም ኤ ከሚባል ተሸካሚ ጋር በድኝ በኩል ያስረዋል፤ ይህ እስር ኃይል የተከማቸበት ነው፤ ከዚያ በሕዋሱ ውስጥ ካታሊስት የሚሆነው ኢንዛይም አሲዱን ከተሸካሚው አላቅቆ በአልኮሉ ላይ ያደርገዋል። ውኃ ከዚህ ርክክብ ውስጥ የለችበትም። የሰው ልጅ በቤተ ሙከራ ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ የመጣው ዘግይቶ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ቮልፍጋንግ ሽቴግሊሽ አሲዱን አስቀድሞ በሌላ ውህድ በማነቃቃትና የአሲድ ተቃራኒ የሆነ ጥቂት ቤዝ ለካታሊስትነት በመጨመር፣ ሳያፈሉና ያለ ጠንካራ አሲድ በክፍል ሙቀት ኤስተር መሥራት እንደሚቻል አሳየ። ይህን ዘዴ በሰሌዳ ላይ በጻፍኩ ቁጥር የእናቴ ጋን በዓይኔ ይመጣል።

ማሩ ራሱ የሚመጣው ከጭልጋ፣ ከአጎቴ ቀፎዎች ነበር። ልጅ ሳለሁ አጎቴ ማር ሲቆርጡ ጢስ እየያዝኩ እረዳቸው ነበር፤ አንዲት ንብ ከነደፈችኝ ሌሎቹ እየተግተለተሉ በዚያው ቦታ ላይ ይረባረቡ ነበር። አጎቴ «እንዳትጨፈልቃት! ሽታዋን ይሰሙና ይመጡብናል» ይሉኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ተመራማሪዎች ከንብ መንደፊያ የሚወጣው የማስጠንቀቂያ ሽታ ዋና አካል አይሶአማይል አሴቴት መሆኑን አረጋገጡ፤ ይህም በሙዝ ጠረኑ የሚታወቀውና በየዓመቱ ከተማሪዎቼ ጋር የምሠራው ኤስተር ነው። አጎቴ ኬሚስትሪ ሳይማሩ ያወቁትን እኔ ተምሬ ስደርስበት ዕድሜዬ ሃያ አልፎ ነበር። በደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚበራው ጧፍ ሰምም በአብዛኛው ኤስተር ነው፤ ረጅም አሲድ ከረጅም አልኮል ጋር ተጋጥሞ፣ ውኃ የማይደፍረው፣ ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ላይ ብቻ የሚቀልጥ። እንግዲህ አንዲት ንብ ሁለቱንም ትሠራለች፤ አንዱ በቅጽበት በንኖ የሚጠፋ መልእክት ነው፣ ሌላው ለዘመናት የሚቆይ ግድግዳ። ልዩነቱ በሰንሰለቶቹ ርዝመት እንጂ በመጋጠሚያው አይደለም። ስለ ቅቤም ጥቂት መጨመር ይቻላል፤ ለጋ ቅቤ ቆይቶ የሚከረፋው ከስቡ ኤስተሮች ቡቲሪክ አሲድ ተፈትቶ ሲወጣ ነው፤ ያን ክርፋታም አሲድ ከኢታኖል ጋር ብናጋጥመው አናናስ አናናስ የሚሸት ኤስተር ይሆናል። ቡናችንም ሳይቆላ ከደረቅ ክብደቱ ከ5 እስከ 8 በመቶ ገደማ ክሎሮጀኒክ አሲድ የተባለ ኤስተር ይይዛል፤ ብረት ምጣዱ ላይ ከሚፈርሱት ነገሮች አንዱም እርሱ ነው።

ታናሽ ወንድሜ በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ይወርድ ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት የሥራ ጓደኞቹ በሚኒባስ፣ በአይከል በኩል አድርገው ወደ ጎንደር ሲያመጡት ራሱን አያውቅም ነበር፤ ትኩሳቱ ያቃጥላል፣ ይቃዣል፣ ስሙን ስጠራ አይመልስልኝም። ሆስፒታል ስናደርሰው ከባድ ወባ መሆኑ ታወቀ። ነርሷ አንዲት ነጭ ዱቄት የያዘች ትንሽ ብልቃጥና የመበጥበጫ ፈሳሽ ይዛ መጣች፤ ፈሳሹን ጨመረች፣ ዱቄቱ እስኪጠራ ድረስ ወዘወዘችው። እኔ ጭንቀት ላይ ስለነበርኩ ይሁን የመምህርነት ልማድ ይዞኝ፣ «ሲስተር፣ ለምን ቀድሞ የተበጠበጠ አይመጣም? ጊዜ ይቆጥብ ነበር» አልኳት። «አይሆንም ወንድሜ» አለች፤ «አንዴ ከተበጠበጠ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም፣ ይበላሻል።» በብልቃጡ ላይ «አርቴሱኔት 60 ሚሊግራም» የሚል ተጽፏል። መዋቅሩን አውቀው ነበር፤ በሰሌዳ ላይ ሥለዋለሁ። ኤስተር ነው። የሚበላሸውም ያቺው፣ ለዓመታት ጠላት አድርጌ ያስተማርኳት የውኃ ሞለኪውል ስለምትፈታው ነው።

ያን ሌሊት ብዙ አሰብኩ። የአርቴሱኔት እናት ውህድ አርቴሚሲኒን ነው፤ ከአሪቲና ከጭቁኝ ጋር በአንድ ወገን ከሚመደብ የቻይና ተክል ያወጡት ቱ ዩዩ የተባሉት ሳይንቲስትና ባልደረቦቻቸው ሲሆኑ ሥራው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ቱ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። አርቴሚሲኒን ወባን አጥብቆ ይገድላል፤ ነገር ግን በውኃም በዘይትም በቅጡ አይሟሟም፤ ራሱን ለሳተ ሰው በደም ሥር ሊሰጥ አይችልም። ኬሚስቶቹ መጀመሪያ ሞለኪውሉን በከፊል ለውጠው አንድ የአልኮል እጅ አበቀሉለት፤ ዳይሃይድሮአርቴሚሲኒን ይሉታል። ከዚያ በዚያ እጅ ላይ ሱክሲኒክ አንሃይድራይድን፣ ማለትም ውኃ የወጣለትን ሱክሲኒክ አሲድ፣ በቤዝ ካታሊስት አጋጠሙት። በሰልፈሪክ አሲድ ማፍላት አይሞከርም፤ ወባውን የሚገድለው የኦክስጅን ድልድይ እንዲህ ያለውን ጉልበት አይችልም። ሱክሲኒክ አሲድ ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ጫፍ ኤስተር ሆኖ ሲታሰር ሌላው ነጻ አሲድ ሆኖ ይቀራል። ነርሷ የጨመረችው ፈሳሽ የቤኪንግ ሶዳው ውህድ፣ ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ስለሆነ ያን ነጻ ጫፍ ወደ ጨው ይለውጠዋል፤ አልሟሟም ያለው መድኃኒት ውኃ ውስጥ የሚጠራው በዚህ ነው።

ደም ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ ኤስተሩ በደቂቃዎች ውስጥ ይሰነጠቃል፤ ዳይሃይድሮአርቴሚሲኒኑ ነጻ ይወጣና የወባ ተሕዋሲያኑን ይገጥማል። የኤስተሩ ማሰሪያ ሥራ መድኃኒቱን ከብልቃጥ እስከ ደም ሥር ማሻገር ብቻ ነው። በፋብሪካ ውስጥ እንዲቋጠር ያን ያህል ተለፍቶበታል፣ በዱቄትነቱ እንዳይፈታ ከእርጥበት ተጠብቋል፣ በአንዲት ሰዓት ውስጥ ሳይፈታ በመርፌ መግባት አለበት፣ ከገባ በኋላ ግን ባይፈታ ዋጋው ይቀንስ ነበር። ነርሷ ሁለተኛውን መርፌ ከ12 ሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛውን ከ24 ሰዓት በኋላ ሰጠችው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወንድሜ ዓይኑን ገልጦ «ሰሊጡ ተሰበሰበ እንዴ?» አለ።

ይህ የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ በታተመው፣ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች ከባድ ወባ የያዛቸው 5,425 ልጆች በተካተቱበት ጥናት፣ በቀድሞው የወባ መድኃኒት በኩዊኒን ከታከሙት 10.9 በመቶዎቹ ሲሞቱ በአርቴሱኔት ከታከሙት የሞቱት 8.5 በመቶ ነበሩ። በሌላ አነጋገር ከ42 ገደማ ልጆች አንድ ተጨማሪ ልጅ ወደ እናቱ ቤት ተመልሷል። በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ክፍል ውስጥ ይህን ቁጥር ሳልጽፍ ስለ ኤስተር ማስተማር ከዚያ ወዲህ አልቻልኩም።

ወንድሜ በረሃ ሳለ የሚተኛበት አጎበርም በኤስተር የተነከረ ነው። አጎበር ላይ የሚገኙት ዴልታሜትሪን የተባለው የትንኝ መርዝና መሰሎቹ፣ ከፓይረትረም አበባ የሚወጡትን የተፈጥሮ ኤስተሮች በመምሰል የተሠሩ ናቸው፤ የትንኟን የነርቭ በር ክፍት አድርገው ይይዙታል። አንዳንድ ትንኞች ደግሞ ኤስተር የሚሰነጥቁ ኢንዛይሞችን በብዛት በማምረት መርዙ ከነርቭ ሳይደርስ ያፈርሱታል፤ አጎበሩ እያለ የማትሞት ትንኝ የምትኖርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የቋጠሮው መፈታት በወንድሜ ደም ውስጥ ሕይወት ሲሰጥ፣ በትንኟ ሆድ ውስጥ መድኃኒቱን ያከሽፋል።

ከሁሉ አብልጦ ያስጨነቀኝ ግን የማላታየን ነገር ነው። ማላታየን ለተባይና ለወባ ትንኝ የሚረጭ ፎስፈረስ ያለበት መርዝ ሲሆን፣ በጎኑ ሁለት የካርቦክሲሊክ ኤስተር ቡድኖች አሉት። የሰው ጉበት እነዚህን ኤስተሮች ፈጥኖ ይሰነጥቃቸዋል፣ መርዙም ጉዳት አልባ ሆኖ በሽንት ይወጣል፤ የነፍሳት አካል ግን ይህን በፍጥነት ማድረግ ስለማይችል ይሞታሉ። ሰውን ከትንኝ የለየው አንድ ኤስተር የመፍታት ችሎታ ነው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 በፓኪስታን የወባ መከላከያ ርጭት ላይ የተሰማሩ ወደ 2,800 የሚጠጉ ሠራተኞች ተመርዘው ቢያንስ አምስቱ ሞቱ። ምክንያቱ ሲመረመር በመርዙ ውስጥ አይሶማላታየን የሚባል ባዕድ ውህድ ተገኘ፤ ይህ ውህድ ጉበት ኤስተሩን የሚፈታበትን ኢንዛይም ያግዳል፤ መከላከያቸው በታሰረበት ሰዓት ለሰው እምብዛም የማያሰጋው መርዝ ለእነርሱ ገዳይ ሆነ። አይሶማላታየን ደግሞ ማላታየን በሙቀት ሲከማች የሚበዛ ነገር ነው። ቆላ ውስጥ በቆርቆሮ መጋዘን፣ ፀሐይ በሚያነደው ጣሪያ ሥር ተደርድረው የቆዩ የፀረ ተባይ ጀሪካኖችን ባየሁ ቁጥር ይህ ነገር ይመጣብኛል። ለወንድሜም ሆነ ለጓደኞቹ አጥብቄ የምነግራቸው የቆየውንና ሙቀት የመታውን እንዳይረጩ፣ ሲረጩም ያለ ጓንትና ያለ ሙሉ ልብስ እንዳይነኩት ነው።

ማላታየንና መሰሎቹ ፎስፈረስ ያለባቸው መርዞች የሚያጠቁት ራሱ ኤስተር ፈቺ የሆነ ኢንዛይም ነው። ነርቭ ለጡንቻ መልእክት የሚልክበት አሴቲልኮሊን ኤስተር ነው፤ መልእክቱ እንደደረሰ አሴቲልኮሊን ኤስተሬዝ የተባለው ኢንዛይም፣ አንዱ ብቻውን በሰከንድ በሺህዎች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎችን እየሰነጠቀ ያጠፋዋል። ይህ መሰንጠቅ ቢቆም መልእክቱ አያባራም፤ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ምራቅና ላብ ይፈሳል፣ ትንፋሽ ይቆማል። አስፕሪንም በዚሁ ዓለም ውስጥ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው የአሴቲል ቡድኑን ከራሱ ላይ ፈትቶ በሌላ ኢንዛይም ላይ በመቋጠር ነው። ቤት ውስጥ የቆየ የአስፕሪን ብልቃጥ ሲከፈት ኮምጣጤ ኮምጣጤ ከሸተተ፣ የአየሩ እርጥበት ቋጠሮውን ያለ ሰዓቱ ፈቶታልና መጣል አለበት።

ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ የተግባር ትምህርቱን አሠራር ለውጫለሁ። ቀድሞ ተማሪዎቹ አይሶአማይል አሴቴት ሠርተው፣ መጠኑን መዝነው፣ ከስሌቱ ስንት በመቶ እንዳገኙ ጽፈው ይጨርሱ ነበር። አሁን ግን በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ የሠሩትን ኤስተር ይዘው ይመለሳሉ፣ ውኃና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የተባለውን ጠንካራ ቤዝ ጨምረው ያሞቁታል። በቤዝ ሲሆን መመለስ የለም፤ የተፈታው አሲድ ወዲያው ወደ ጨው ስለሚለወጥ ዳግመኛ ከአልኮሉ ጋር አይጋጠምም። ሰዓት ይዘው፣ በየአሥር ደቂቃው ማሞቂያውን አጥፍተውና ቀዝቀዝ አድርገው በእጃቸው ወደ አፍንጫቸው እያራገቡ ያሸቱና ይመዘግባሉ።

ባለፈው ሴሚስተር ከደምቢያ የመጣች አንዲት ተማሪ ነበረች፤ ኤስተሩን በሠሩበት ሳምንት 81 በመቶ በማግኘቷ የክፍሉን ከፍተኛ ውጤት ይዛ ነበር፤ ያን የደከመችበትን ፈሳሽ እንድታፈርሰው ስነግራት ፊቷ ተለወጠ። «መምህር፣ ግማሹን ላስቀምጠው?» አለችኝ። ግማሹን በትንሽ ብልቃጥ አድርጋ፣ ክዳኑን አጥብቃ፣ ስሟን ጽፋ መደርደሪያው ላይ አኖረችው። የቀረውን ማሞቅ ጀመረች። በአሥረኛው ደቂቃ «ሙዝ» ብላ ጻፈች፤ በሃያኛው «ሙዝ፣ ደከም ያለ»፤ በሠላሳኛው እርሳሷን አንሥታ ቆየች፣ ደጋግማ አሸተተች፣ ወደ ጎረቤቷ ብልቃጥም ሄዳ አሸተተች። ተመልሳ የጻፈችውን ከትከሻዋ በላይ አነበብኩት፤ «ሙዝ የለም። አያቴ አረቄ ስታወጣ ቤቱ የሚሸተውን ይሸታል።» አይሶአማይል አልኮል ማለቷ ነበር፤ በአረቄ ውስጥ የሚገኘው ያ ከባድ ጠረን። ከጎኑ ሰዓቱን ጻፈች፤ 9፡40።